ሮጦ መግባት በኤስፔራንቶ

አጎት የቄስ ትምህርት ቀምሰው ኋላም ለረጅም ዘመን አማርኛ ያስተማሩ ጡረተኛ ናቸው። ልጅት የእህታቸው ልጅ ናት፤ ኤስፔራንቶ እየተማረች ነው። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል።

አጎት፦ ይኼ ወረቀት ምንድን ነው? ከላይ እስከ ታች ግስ ብቻ።

ልጅት፦ የማጠናው ነው ጋሼ። መሄድ፣ መምጣት፣ መሮጥ፣ መዝለል፣ መዋኘት፣ መብረር፣ መዳህ። «ኢሪ»፣ «ቬኒ»፣ «ኩሪ»፣ «ሳልቲ»፣ «ናጂ»፣ «ፍሉጊ»፣ «ራምፒ»።

አጎት፦ የማን አገር ቋንቋ ነው? ጆሮዬ ላይ ጣሊያንኛ መሰለኝ።

ልጅት፦ የማንም አገር አይደለም። ዛመንሆፍ የሚባል የዓይን ሐኪም ነው የሠራው። እ.ኤ.አ. በ1859 ቢያሊስቶክ ተወለደ፤ ያኔ በሩስያ ግዛት ሥር የነበረች፣ ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። አይሁዱ፣ ፖላንዳዊው፣ ጀርመኑና ሩስያዊው በአንድ ገበያ እየተገናኙ አይግባቡም ነበር። ሰውየው ያን እያየ አደገ፣ ከዚያ በ1887 ዋርሶ ላይ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ በሩስኛ አሳተመ። ስሙን ደብቆ «ዶክቶሮ ኤስፔራንቶ» ብሎ ፈረመ፤ ተስፋ የሚያደርገው ዶክተር ማለት ነው። ቋንቋው ስሙን ያገኘው ከዚያ ፊርማ ነው።

አጎት፦ ሰዋስውስ ጻፈለት?

ልጅት፦ 16 ደንብ።

አጎት፦ አሥራ ስድስት! እኔ ስለ «ን» ብቻ አንድ መንፈቅ አስተምሬያለሁ።

ልጅት፦ እዚያም «ን» አለ፤ የሚያስለቅሰኝም እሱ ነው። እሱን ቆይተን እንነሳበት። አሁን የቸገረኝ ቃሉን በቃሌ ይዤው ዓረፍተ ነገር ልሠራ ስል እጄ ላይ ይበተናል።

አጎት፦ ከቀላሉ እንጀምር። እናትሽ ከጓዳ ብትጠራሽ ምን ትያለሽ?

ልጅት፦ «መጣሁ!»

አጎት፦ መጥተሻል?

ልጅት፦ ኧረ ገና ከወንበሬ አልተነሳሁም።

አጎት፦ በኃላፊ ጊዜ ግን ተናገርሽ። ልትመጪ መሆኑን ለማጽናት ያለፈ ነገር አደረግሽው። እነሱስ ይሄን ያውቁታል?

ልጅት፦ አያውቁትም። «ሚ ቬናስ» ነው የምለው፤ እየመጣሁ ነው። «ሚ ቬኒስ» ካልኩ አጠገቧ ቆሜያለሁ። «አስ» ለአሁን፣ «ኢስ» ላለፈ፣ «ኦስ» ለሚመጣ፤ ከዚህ ውልፍት የለም። ከሰው ቤት «በሉ ሄድኩ» ብዬ ስነሳም በ«ኢስ» ብናገረው፣ ታዲያ ይቺ የምታወራን ማን ናት ይሉኛል።

አጎት፦ ጥሩ ነው። እንግዲህ «ወጣ»ን ስጪኝ።

ልጅት፦ የትኛውን «ወጣ»? ከቤት ከሆነ «ኤሊሪ» ነው፤ «ኤል» ከውስጥ ወደ ውጭ፣ «ኢሪ» መሄድ። ተራራ ከሆነ «ሱፕሬኒሪ»፤ ወደ ላይ መሄድ። በእጅም በእግርም ቆንጥጦ ከሆነ «ግሪምፒ»። ፀሐይ ከሆነች ደግሞ «ሌቪጂ» ትላለች።

አጎት፦ እኛ አንዱን ይዘን አራቱንም እንሠራበታለን። «ወረደ»ስ?

ልጅት፦ «ማልሱፕሬኒሪ»።

አጎት፦ እግዜር ያሳይሽ! ቁልቁለቱን ሳይጨርሰው ይመሻል እኮ።

ልጅት፦ ግን ሲፈቱት ቀላል ነው። «ሱፕር» ላይ ነው፣ «ማል» ወደ ተቃራኒው ይገለብጠዋል፣ «ኤን» አቅጣጫ ያስይዘዋል፣ «ኢሪ» መሄድ። «ማል» በሁሉም ቦታ ነው የሚሠራው፤ «ራፒዳ» ፈጣን፣ «ማልራፒዳ» ዘገምተኛ። አንድ ቃል ባጠና ሁለት አገኘሁ ማለት ነው።

አጎት፦ እሱስ ብልሃት ነው። አሁን ወደ ጭንቀትሽ ግቢ። ምን ጻፍሽና ምን አረሙብሽ?

ልጅት፦ «ልጁ ሮጦ ቤት ገባ» ማለት ፈልጌ ነበር። እንደኛ አስቤ «ላ ክናቦ ኤኒሪስ ኤን ላ ዶሞን ኩራንቴ» ብዬ ጻፍኩ፤ ልጁ ወደ ቤት ገባ፣ እየሮጠ። የምጻጻፈው ሰው ሩስያዊ ነው። ስህተት ነው አላለኝም፤ ግን ከሥሩ «ላ ክናቦ ኤንኩሪስ» ብሎ ጻፈልኝ። ልጁ ውስጥ-ሮጠ እንደማለት።

አጎት፦ ቆይ፣ ቆይ። «ገባ» የት ሄደ?

ልጅት፦ የለም። «ኤን» ብቻ ቀረች፣ ግሱ ላይ ተለጥፋ።

አጎት፦ ይኼ የቃል ጉዳይ አይደለም ልጄ። አስተውይ። በአማርኛ ሰውየው የት እንደደረሰ የሚነግረኝ ዋናው ግስ ነው፤ ገባ፣ ወጣ፣ ወረደ፣ ተሻገረ፣ አለፈ፣ ዞረ፣ ተመለሰ። እንዴት አድርጎ እንደሄደ የሚነግረኝ ደግሞ ከፊት የሚመጣው ነው፤ ሮጦ፣ እያነከሰ፣ ተንፏቆ፣ በደረቱ ተስቦ። ያኛው ንጉሥ ነው፣ ይኼኛው አጃቢ። እነሱ አጃቢውን አነገሡትና ንጉሡን ከፊቱ የምትሮጥ ቅንጣት አደረጉት።

ልጅት፦ ልክ እንደዚህ ያለ ሰው አለ። ሊዮናርድ ታልሚ ይባላል፣ አሜሪካዊ የቋንቋ ሊቅ። በ1985 ባወጣው ጽሑፍ የዓለምን ቋንቋዎች በዚህ ይለያቸዋል፤ መንገዱን በግሱ ሆድ የሚያስቀምጡ አሉ፣ መንገዱን ከግሱ ውጭ በቅንጣት የሚያስይዙ አሉ።

አጎት፦ እኔን ሳይጠይቀኝ ጻፈው? ይሁን። «ወደ ቤት ሮጠ» ብትይኝ ግን ምን እላለሁ? ደረሰ ወይ? ገባ ወይ? ብዬ እጠይቅሻለሁ። «ሮጠ» ደፉን አያሻግርልኝም። ደፉን የሚያሻግር «ገባ» ብቻ ነው።

ልጅት፦ «ኤንኩሪስ» ደፉን ያሻግራል። እሱ ነው ልዩነቱ። ደግሞ አንዴ ከገባኝ በኋላ ያ ረጅም ዝርዝር የማያስፈልገኝ መሰለኝ። ጥቂት የአካሄድ ሥሮች፣ ጥቂት የመንገድ ቅንጣቶች፣ ከዚያ ማባዛት ነው። «ኤልኩሪ» ሮጦ መውጣት። «ትራንስናጂ» ዋኝቶ መሻገር። «ፎርፍሉጊ» በርሮ መሄድ፣ ከዚህ መራቅ። «ፕሬቴርኩሪ» በአጠገብ ሮጦ ማለፍ። «ቺርካውፍሉጊ» እየበረሩ መዞር። «ሬናጂ»?

አጎት፦ «ሬ» መመለስ ከሆነ፣ ዋኝቶ መመለስ። ወይስ ደግሞ መዋኘት?

ልጅት፦ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል፤ ዐውዱ ነው የሚለየው።

አጎት፦ እንግዲያው በደንብም ቢሆን ይንሸራተታል። ደስ አለኝ።

ልጅት፦ ከኋላ የሚገቡም አሉ። «ኩሬቲ» ሶምሶማ ነው፤ «ኤት» ያሳንሳል። «ኩሬጊ» እግሬ አውጪኝ ማለት፤ «ኤግ» ያገዝፋል። «ኩራዲ» ሲሮጡ መዋል። ከፊት ደግሞ «ኤክ» አለች፣ ድንገት መጀመርን የምታሳይ፤ «ኤክኩሪ» ሩጫ ጀመረ፣ «ኤክስታሪ» ብድግ አለ።

አጎት፦ «ብድግ አለ» ካልሽማ ልፈትንሽ። ሹልክ ብሎ ወጣ።

ልጅት፦ አለ! «ሽቴሊሪ»። «ሽቴሊ» መስረቅ፣ «ኢሪ» መሄድ። ሰርቆ እንደሚሄድ ሰው።

አጎት፦ ሰተት ብሎ ገባ።

ልጅት፦ ... «ማንም ሳይከለክለው ገባ» እላለሁ።

አጎት፦ ዘው ብሎ ገባ።

ልጅት፦ «ሴንፔርሜሴ ኤኒሪስ»። ያለ ፈቃድ ገባ።

አጎት፦ አይሆንም። ፈቃድ አለመጠየቅ የሕግ ነገር ነው፣ ፖሊስም ይጽፈዋል። «ዘው» ውስጥ ያለው ሌላ ነው፤ የሰውየው አለማፈር አለ፣ እኛ የተቀመጥነው መደንገጣችን አለ፣ በሩ መንቋቋቱም አለበት። ፈትለክ፣ እብስ፣ ቱር፣ ዥው፣ ውልቅ፤ እነዚህን ምን ልታደርጊያቸው ነው?

ልጅት፦ ይቀሩብኛል። ምን አደርጋለሁ ጋሼ። የአማርኛ የአካሄድ ሀብት «አለ» ከሚለው ግስ ጋር የተጋባው ነው፤ እዚያ የሚያስገባው በር የለም። የእንግሊዝኛ ተናጋሪም የራሱን ጥሎ ነው የሚገባው።

አጎት፦ ጥሎ መግባቱን አልነቅፍም። ማን ብዙ ጣለ፣ ማን ጥቂት ጣለ ነው ጥያቄዬ። ይኼ «ኤንኩሪ» ከየት መጣ? ሐኪሙ ከሰማይ አላወረደውም።

ልጅት፦ አላወረደውም። ሩስያዊው ሮጦ ገባ ሲል «ቭቤዣል» ይላል፤ «ቭ» ውስጥ ናት፣ የቀረው ሮጠ። ፖላንድኛም ጀርመንኛም በዚያው መንገድ ነው የሚሄዱት። ዛመንሆፍ በነዚህ ቋንቋዎች መካከል ነው ያደገው።

አጎት፦ ስለዚህ ላንቺ ሩስኛ ግስ፣ የላቲን ልብስ አልብሰው ሰጡሽ፤ የማንም አገር አይደለም እያልሽኝ።

ልጅት፦ አይ፣ እዚህ ጋ ይቆዩኝ። ፈረንሳዩም ስፓኙም እንደኛ ነው። ፈረንሳይ «እየሮጠ ገባ» ነው የሚለው፤ በግሱ ይገባል፣ ሩጫውን በጎን ያመጣዋል። ስለዚህ አውሮፓ ራሷ ለሁለት የተከፈለች ናት፤ እኔም ከፓሪሱ ሰው ጋር አንድ ወገን ነኝ። ዋናው ደግሞ እኔ የጻፍኩት «ኤኒሪስ ኩራንቴ» ትክክል መሆኑ ነው። ሰዋስው አልጣስኩም። ሩስያዊው የለመደውን ጻፈልኝ እንጂ አላረመኝም።

አጎት፦ ማነው ይኼ ይቻላል የሚልሽ?

ልጅት፦ ክሎድ ፒሮን የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ነበር። የሥነ ልቦና ሰው ነው፣ በተባበሩት መንግሥታት በአስተርጓሚነት ሠርቷል። ኤስፔራንቶ ቃሉ ከአውሮፓ ይሁን እንጂ አጥንቱ የአውሮፓ ብቻ አይደለም፣ ሥርን ከሥር እየገጣጠመ የሚሄድበት መንገድ ለቻይንኛ ይቀርባል እያለ ይሟገት ነበር። በብስክሌት ወደ ከተማ ሄደ ለማለት እንኳ ስንት መንገድ አለ፤ «ኢሪስ አል ላ ኡርቦ ፔር ቢትሲክሎ» ቢሉ ልክ ነው፣ በብስክሌት ወደ ከተማ ሄደ። «ቢትሲክሊስ አል ላ ኡርቦ» ቢሉም ልክ ነው፣ ወደ ከተማ ብስክሌተ። «ኡርቤን ኢሪስ ቢትሲክሌ» ቢሉም ማንም አይከፋውም።

አጎት፦ «ብስክሌተ»! ይኼን ክፍል ውስጥ የጻፈልኝ ተማሪ ቢኖር ምን አደርገው ነበር።

ልጅት፦ እዚያ ነፃ ነው። ሰውየው ገና በ1887ቱ መጽሐፍ ላይ፣ ቋንቋ የሁሉም ነው፣ እኔ የባለቤትነት መብቴን ትቻለሁ ብሎ ጽፏል። ባለቤት የሌለው ቋንቋ ስለሆነ የአማርኛ አካሄዴን ይዤ ብገባ የሚያስወጣኝ የለም።

አጎት፦ ይኼን ቃልሽን ያዢልኝ፣ እመለስበታለሁ። አሁን ያን የሚያስለቅስሽን «ን» አምጪው።

ልጅት፦ ተሳቢ ላይ ሲሆን ምንም አላስቸገረኝም። ውሻ «ሁንዶ» ነው፣ ውሻን «ሁንዶን»።

አጎት፦ አትቀልጂ።

ልጅት፦ እውነቴን ነው። ግጥምጥሞሽ ነው እንጂ ከኛ አልወሰዱትም። የሚያስቸግረው ሌላ ሥራ ስላላት ነው፤ አሥራ ሦስተኛው ደንብ ነው፣ አቅጣጫ ታሳያለች። «ላ ኢንፋኖ ኩራስ ኤን ላ ጃርዴኖ» ካልኩ ሕፃኑ አትክልት ቦታው ውስጥ ነው፣ እዚያው ይሮጣል። «ጃርዴኖን» ካልኩ ግን ውጭ ነበረ፣ እየሮጠ ወደ ውስጥ እየገባ ነው። ድመቷ «ሱር ላ ታብሎ» ብትዘል ጠረጴዛው ላይ ሆና ትፈነጫለች፤ «ሱር ላ ታብሎን» ከሆነ ከመሬት ተነስታ ጠረጴዛው ላይ ጉብ አለች። «ሄይሜ» ቤት ነኝ፣ «ሄይሜን» ወደ ቤቴ። ይኼን ሁሉ አንዲት ፊደል! «አል» የሚል ቃል ካለ ደግሞ አያስፈልግም፤ «አል» ራሱ «ወደ» ስለሆነ።

አጎት፦ ምኑ ነው ያስለቀሰሽ? ግዕዝ ተምረሽ ቢሆን ኖሮ አትቸገሪም ነበር። «ሀገር» ብለሽ፣ ተሳቢ ስታደርጊው «ሀገረ» ይሆናል። «ቦአ ሀገረ» ከተማ ገባ ነው። «ወደ» የለበትም፣ «ውስጥ» የለበትም። ሳድሱ «ር» ግዕዝ መሆኑ ብቻ ሰውየውን በከተማው በር ያስገባዋል። አማርኛ ይኼን ጣለውና ሁሉን ለግሱ አሸከመው፤ «ቤት ገባ»፣ በቃ። አሁን ያንቺ ሐኪም የጣልነውን አንስቶ ሲሰጥሽ ታለቅሻለሽ።

ልጅት፦ ሐኪሙ ዕብራይስጥ አዋቂ ነበር፤ ብሉይ ኪዳንን ሙሉ ከዕብራይስጥ ወደ ኤስፔራንቶ የተረጎመው እሱ ነው። ግን ይኼን «ን» ከዚያ አላመጣውም፤ ጀርመንኛና ሩስኛም ቦታንና አቅጣጫን በስሙ ሙያ ይለያሉ።

አጎት፦ የአቅጣጫውን በዚህ ብንተወው ይሻላል፣ ቡናው ሊበርድ ነው። ማወዳደርስ እንዴት ነው? ፈረስ ከበቅሎ ይፈጥናል በይ።

ልጅት፦ «ቼቫሎ ኤስታስ ፕሊ ራፒዳ ኦል ሙሎ»። «ፕሊ» ይበልጥ፣ «ኦል» ከ።

አጎት፦ ስንት ቃል አወጣሽ? እኔ በሦስት ቃል ጨርሻለሁ። «ይፈጥናል» ራሱ ማወዳደሪያ ነው። ይረዝማል፣ ያጥራል፣ ይከብዳል፣ ይጣፍጣል፤ «ከ» ካለ «ይበልጥ» ጌጥ ነው። ስለዚህ «ኤስታስ»ን ምን አመጣት?

ልጅት፦ «ነው» ናት። ግን የእርስዎም አካሄድ ይሠራል። ከማንኛውም ቅጽል ግስ ማውጣት ይቻላል፤ «ቼቫሎ ፕሊ ራፒዳስ ኦል ሙሎ» ቢሉ ማንም ይረዳዎታል። «ፕሊ»ን ግን መጣል አይቻልም። «ይበልጠኛል» የሚለው ደግሞ እንዳለ አለ፤ «ሊ ሱፔራስ ሚን»። እኔን፣ በ«ን»።

አጎት፦ ፕሊ፣ ኦል። ሌላስ?

ልጅት፦ ለመብለጥ «ፕሊ»፣ ለማነስ «ማልፕሊ»። ከሁሉ ለመብለጥ «ፕሌይ»፣ ከሁሉ ለማነስ «ማልፕሌይ»። እኩል ከሆኑ «ቲዬል ራፒዳ ኪዬል»፤ የዚያን ያህል ፈጣን። ጀማሪ ሁሉ «ኦል»ንና «ኪዬል»ን ያምታታል፤ እኛ ግን «ከ»ና «እንደ» ስላሉን ብዙ አንሳሳትም። «በ... ቁጥር» የምንለው «ዩ ፕሊ... ዴስ ፕሊ» ነው። ያን ያህል ነው። እንግሊዝኛ ጥሩን «ጉድ» ብሎ የተሻለውን «ቤተር» እንደሚለው ዓይነት መዘዝ የለም፤ «ቦና»፣ «ፕሊ ቦና»፣ «ፕሌይ ቦና»። ሦስተኛው ደንብ በዚሁ ያልቃል።

አጎት፦ ታዲያ ምን ቀረሽ?

ልጅት፦ «ከ» ቀረችኝ። እሷ ናት የምታስተኝ። ከቤት ወጣ፣ ከበቅሎ ይፈጥናል፣ ከሁሉ አንደኛ፤ ለኔ ሦስቱም አንድ ናቸው። እዚያ ግን ከቤት ሲወጣ «ኤል»፣ ከገበያ ሲመጣ «ዴ»፣ ከበቅሎ ሲበልጥ «ኦል»። ከሁሉ ሲበልጥ እንደገና «ኤል»፤ «ላ ፕሌይ ራፒዳ ኤል ቺዩይ»።

አጎት፦ ተመልከቺ፣ ተመልከቺ። ከሁሉ የሚበልጠው ከመካከላቸው ይወጣል ማለት ነው። ከቤት እንደሚወጣ።

ልጅት፦ አዎ። አንደኛ መሆን መውጣት ነው።

አጎት፦ እኛ ደግሞ አንደኛ ብቻ ሳይሆን ማንኛውም የሚበልጥ ሰው ይነሳል። ከበቅሎ ተነስተሽ ነው ፈረስ ዘንድ የምትደርሺው። ግዕዝም «እም» ነው የሚለው፤ ከቤት ሲወጣም «እም»፣ ሲያወዳድርም «እም»። ዐረብኛው «ሚን»፣ ዕብራይስጡ «ሚን»። የሴም ልጆች ሲያወዳድሩ መንገድ ይጀምራሉ።

ልጅት፦ ሊዮን ስታሰን የሚባል ሊቅ ይኼንኑ ነው በ1985 በመጽሐፍ ያወጣው። አንዳንዱ ቋንቋ በ«ከ» ያወዳድራል፣ አንዳንዱ በ«ወደ»፣ አንዳንዱ «በልጦ ያልፋል» በሚል ግስ፣ አንዳንዱ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጎን ለጎን ያስቀምጥና ይተወዋል። እንደ «ኦል» ለማወዳደር ብቻ የተቀመጠ ቅንጣት ያላቸው በአብዛኛው አውሮፓ ውስጥ ነው የሚገኙት።

አጎት፦ ስለዚህ ሐኪሙ ብሉይ ኪዳኑን ሲተረጉም በየገጹ «ሚን» ያገኝ ነበር፤ ባገኘ ቁጥር ይኼ መንገድ ነው ወይስ ማወዳደር ነው ብሎ ወስኖ ለሁለት መክፈል ነበረበት።

ልጅት፦ የኔም ሥራ ያው ነው፣ ብሉይ ኪዳን ባይሆንም። ግን መክፈሉ የሚጠቅምበት ቦታም አለ። «ከእናቴ የበለጠ እወድሻለሁ» ብልዎት...

አጎት፦ ለኔ ሳይሆን ለሴት ነው የምትይው።

ልጅት፦ ለሴት ይሁን። እናቴ ከምትወድሽ ይበልጥ ነው? ወይስ እናቴን ከምወዳት ይበልጥ? አማርኛው አይለይም፤ ጠብ ያስነሳል። እዚያ «ሚ አማስ ቪን ፕሊ ኦል ሺ» ካልኩ እሷ ከምትወድሽ በላይ ነው። «ኦል ሺን» ካልኩ እሷን ከምወዳት በላይ። ያቺው «ን» መጥታ ጠቡን ትገላግላለች።

አጎት፦ ወይም ታስነሳለች። እናት ደብዳቤውን ካነበበችው።

ልጅት፦ (ትስቃለች) ሁለት ዓረፍተ ነገር ጎን ለጎን ስላልኩት ግን፣ ያንን ሆን ብሎ የመረጠ ሌላ የተሠራ ቋንቋም አለ። ቶኪ ፖና ይባላል፤ ሶንያ ላንግ የምትባል ካናዳዊት በ2001 ያወጣችው ነው። ወደ 120 ቃል ብቻ ነው ያለው። መሄድ፣ መራመድ፣ መጓዝ፣ ወደ፤ ሁሉም «ታዋ» ነው። መምጣት፣ መድረስ፣ መሆን፤ ሁሉም «ካማ»። ማወዳደሪያ የለውም። እበልጥሻለሁ ለማለት «ሚ ሱሊ ሙቴ። ሲና ሱሊ ሊሊ።» ነው፤ እኔ በጣም ትልቅ ነኝ፣ አንቺ ትንሽ ነው ትልቅነትሽ።

አጎት፦ ይኼ ስድብ እንጂ ማወዳደር አይደለም።

ልጅት፦ እኔም ብዙ አልገፋሁበትም። ደስ ይላል፣ ግን መንገድ ላይ አቅጣጫ መንገር ቢያምረኝ እስክጨርስ ሰውየው ይሄዳል።

አጎት፦ እንግዲህ ዝርዝርሽን ምን ልታደርጊው ነው?

ልጅት፦ እቀደዋለሁ። በምትኩ ሠንጠረዥ አወጣለሁ። በግራ በኩል አካሄዶቹ፤ «ኢሪ»፣ «ኩሪ»፣ «ናጂ»፣ «ፍሉጊ»፣ «ራምፒ»፣ በመኪናም ሆነ በባቡር መሄድን «ቬቱሪ»፣ በፈረስ መሄድን «ራይዲ»። ከላይ በኩል መንገዶቹ፤ «ኤን»፣ «ኤል»፣ «አል»፣ «ፎር»፣ «ትራ»፣ «ትራንስ»፣ «ፕሬቴር»፣ «ሬ»። በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ የኤስፔራንቶውን ሳይሆን አማርኛውን እጽፋለሁ፤ ዋኝቶ ተሻገረ፣ ድሆ ወጣ፣ ጋልቦ አለፈ። ከዚያ ሸፍኜ ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ። በእንግሊዝኛ በኩል ስማር ይኼ ልዩነት አልታየኝም ነበር፤ እንግሊዝኛው እንደ ሩስያዊው ሩጫውን ግስ አድርጎ መግባቱን ከጎን ስለሚያስቀምጥ፣ ተማሪው ቃል በቃል አዛወረና አለፈ። እኔ ግን አገላብጬ ነው ማሰብ ያለብኝ።

አጎት፦ እሱ ደህና ሐሳብ ነው። እኔም ልሞክር። «ትራ» ምን ነበረች?

ልጅት፦ በመካከል ሰንጥቆ ማለፍ።

አጎት፦ «ትራራምፒ»። በጠባብ ቀዳዳ ድሆ አለፈ።

ልጅት፦ ትክክል!

አጎት፦ «ኤልቬቱሪ»። በመኪና ከከተማ ወጣ።

ልጅት፦ ልክ ነው።

አጎት፦ «ማል» ወደ ተቃራኒው የሚገለብጥ ከሆነ፣ የመምጣት ተቃራኒ «ማልቬኒ» ነው።

ልጅት፦ አይ... አይባልም። «ፎሪሪ» ነው የሚባለው።

አጎት፦ የትኛው ደንብ ነው የከለከለው?

ልጅት፦ ደንብስ የለም። ሰው አይለውም ብቻ።

አጎት፦ ደንብ ሳይከለክለው ሰው የማይለው ከሆነ፣ ቋንቋው ባለቤት አለው ማለት ነዋ። ቅድም ያዢልኝ ያልኩሽ ይኼን ነው። «ብስክሌተ» ስል ማንም አይከፋውም አልሽኝ፣ «ማልቬኒ» ስል ግን ፊትሽን አጨማደድሽ።

ልጅት፦ ባለቤት አይደለም፣ ልማድ ነው። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ሲጻፍበት፣ ሲዋደዱበት፣ ልጅ ሲያሳድጉበት ኖሯል።

አጎት፦ እንግዲያው ያ ሩስያዊ «ኤንኩሪስ» ብሎ የጻፈልሽም ልማዱን ነው። «ኤኒሪስ ኩራንቴ»ሽን አትጣዪው፣ ደንበኛ ነው፤ የፓሪሱም ሰው ይደግፍሻል። ሲጽፉልሽ ግን «ኤንኩሪስ»ን እያነበብሽ ሰውየው ገባ ወይስ አልገባም ብለሽ እንዳትቆሚ። ሠንጠረዡን ስታወጪ አንድ ባዶ ረድፍ ከሥር ተይልኝ።

ልጅት፦ ለምን?

አጎት፦ ለ«ዘው»። ሩስያዊውንም ጠይቂው፣ እነሱ ዘንድ ምን ይሉታል?